ወንዙ ያልተመዘገበበት ተራ

ጥር ሲገባ በአማራ ክልል በመራዊ ከተማ ዙሪያ ያለው ሜዳ ሁለት መልክ ይይዛል። ቦይ ያልደረሰው መሬት አጨዳው አልቆ፣ ከብት ቃርሚያውን ለቅሞ፣ ሲረግጡት የሚቦን ቀይ አፈር ሆኗል። ቦይ የደረሰው ግን ስንዴው ገና እያዘረዘረ ነው፤ ከጎኑ የሽንኩርት መደብ፣ ከዚያ ወዲያ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ፣ አልፎ አልፎም አቮካዶ። ሁለቱን የሚለያቸው የአፈሩ ዓይነት አይደለም፤ አንድ የብረት መዝጊያ ነው። እሱ ሲከፈት አገር ሰላም ይሆናል፤ ሲዘጋ ጎረቤት ከጎረቤት ይኮራረፋል።

ጭቅጭቁ የሚብሰው ሌሊት ነው። ቀን ቀን የቦይ ጠባቂው ይታያል፣ የማኅበሩ ኮሚቴም ይመላለሳል። ሲመሽ ግን ጋቢ የተከናነበ ሰው ባትሪ ይዞ በቦዩ ዳር ይወርዳል። አንዱ ድንጋይና ሣር ጠቅጥቆ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ያዞራል፤ ሌላው ደርሶ ይነቅለዋል። «አያ፣ ተራው እኮ የኔ ነው» ይላል ወጣቱ። «ተራውማ ያንተ ነው፤ ውሃው ነው ያልደረሰ» ይላል ጎልማሳው፣ ዶማውን ከትከሻው ሳያወርድ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደየሰዉ ጠባይ ነው። አንዳንዱ በሽማግሌ ያልቃል፣ አንዳንዱ ቀበሌ ይደርሳል።

ይህን ሜዳ ስለሚያጠጣው ስለ ቆጋ መስኖ ሲወራ በአብዛኛው የሚወራው ይኸው ነው፦ በቦዩ ራስጌ ያለው ገበሬ ጠግቦ ያጠጣል፣ በግርጌ ያለው ይጠማል። እውነት ነው፤ መፍትሔም ይሻል። ግን በዚህ ጠብ ውስጥ ስሙ የማይነሣ፣ ባትሪ ይዞ ሌሊት የማይወጣ፣ ሽማግሌ የማይልክ ሌላ ባለድርሻ አለ። እሱም ወንዙ ራሱ ነው።

ቆጋ ትልቅ ወንዝ አይደለም። ከመራዊ በስተደቡብ ምሥራቅ ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ ሜዳውን ያቋርጥና ከግልገል ዓባይ ይቀላቀላል፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ለጣና ውሃ ከሚያመጡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። በዚህ አገር የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ስለዚህ ቆጋ በነሐሴ ሰው የሚያስፈራ፣ በመጋቢት ልጆች የሚሻገሩት ወንዝ ነበር። የቆጋ ግድብ የተሠራው ይህን መዛነፍ ለማስተካከል ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተደገፈው ፕሮጀክት ሁለት ዓላማ ነበረው፦ 7,000 ሄክታር በመስኖ ማልማትና ከግድቡ በላይ ያለውን 22,000 ሄክታር ተፋሰስ ከመሸርሸር ማዳን። ሰው ሠራሽ ሐይቁ ሲሞላ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ከ1,700 ሄክታር በላይ መሬትም ይሸፍናል። ከውሃው በታች የቀረው ደግሞ ባዶ መሬት አልነበረም። እርሻ ነበር፣ ግጦሽ ነበር፣ በበጋ ከብት የሚሰማራበት ጨፌም ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። 83 ሚሊዮንን ለ7,000 ብናካፍለው ለአንድ ሄክታር 11,850 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም ማሳውን ሁሉ በ1 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ውሃ መሸፈን ማለት ነው። ለአንድ የበጋ ሰብል ይበቃል፣ ይተርፋልም። ግን ጎተራ የያዘው ሁሉ ምጣድ ላይ አይደርስም። ከሐይቁ ግርጌ ያለው ውሃ ከመውጫው በታች ስለሆነ አይወጣም፤ በየዓመቱም ደለል ቦታውን ይወስድበታል። ከላይ ደግሞ ፀሐይ አለች፦ 1,700 ሄክታር ስፋት ካለው ውሃ ላይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን 68,000 ሜትር ኩብ በየቀኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከዚያ የሚተርፈው ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋና ቦይ፣ ከእሱ የሚገነጠሉ ቦዮች፣ የሌሊቱን ውሃ የሚያቆዩ ኩሬዎችና የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ይጠብቁታል። ኩድሚ፣ ጭሆና፣ አምቦ መስክ፣ እንጉቲ፣ ተለታ፣ በረድ፣ አማሪት እየተባሉ የሚጠሩት ብሎኮች ይህን የተረፈውን ነው የሚካፈሉት። በብዙዎቹ ዓመታት የለማው መሬት ከታቀደው 7,000 ሄክታር በታች መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ከግድቡ በፊትም መራዊ ባለችበት በሜጫ ያለ ገበሬ መስኖ ያውቅ ነበር። ጅረቱን በድንጋይ፣ በጭቃና በቅርንጫፍ ይጠልፋል። በአማራ ክልል በብዙ ቦታ እንደተለመደው የውሃ አባት ይመረጣል፤ እሱ ተራ ያወጣል፣ ለቦይ ጠረጋ ሰው ያዝዛል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ተራ የሰረቀውን ያስታርቃል። ሰዎች ይህን ሥርዓት ሲያወድሱ ፍትሐዊነቱን ያነሣሉ። እኔ የማደንቀው ግን ማንም ያላሰበውን ነገር ነው፦ ያ የጭቃ ጠለፋ ያፈስስ ነበር። ውሃውን ሁሉ መያዝ አይችልም። ከፊሉ በድንጋዩ መካከል ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የክረምቱ ጎርፍ ሲመጣም ጠለፋውን እንዳለ ጠራርጎ ይወስደዋል። ወንዙ ድርሻውን የሚያገኘው በሰው ቸርነት አልነበረም፤ በሰው አቅም ማነስ ነበር። የአሁኑ ግድብ እንደዚያ አያፈስስም። ሞልቶ ካልፈሰሰ በቀር ከእሱ በታች ወንዝ የሚኖረው አንድ ሰው ይኑር ብሎ ሲወስን፣ መዝጊያም ሲከፍት ነው።

ከግድቡ በታች ውሃ የሚፈልገው ማነው? መልሱ ከዓሣ ቢጀምር የሚስቅ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ።

ጣና ውስጥ የባሕር ዳር ሰው በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚለው፣ ሊቃውንቱ ላቤዮባርበስ የሚሉት የዓሣ ቤተሰብ አለ። አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም፤ ከአንድ ዘር ወጥተው በዚያው ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ ወደ 17 የሚጠጉ ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ሣር በል ነው፣ አንዱ ጭቃ አብጠርጣሪ፣ አንዱ የገዛ ዘመዶቹን የሚያሳድድ አዳኝ። በዓለም ላይ በዚህ ዓሣ ወገን ተመሳሳይ ነገር የታየው በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ የላናኦው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ የጣናው ቀርቷል። ከእነዚህ ዓሦች ቢያንስ ሰባቱ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ፤ ከዋናው ወንዝም አልፈው ወደ ገባሮቹ ይታጠፋሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት ወለልና በፍጥነት የሚሮጥ ንጹሕ ውሃ ነው። ደለል ከሸፈነው ዕንቁላሉ ይታፈናል።

እንግዲህ ግድብ በዚህ ላይ ምን እንደሚሠራ ይታያል። ዓሣው የሚመጣው ከሐምሌ ጀምሮ ነው፤ ግድቡ የሚሞላውም ከሐምሌ ጀምሮ ነው። ዓሣው ጎርፉን እንደ ጥሪ ሲጠብቅ ጎርፉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። ግድቡ ሞልቶ ውሃው በማስተንፈሻው መፍሰስ ሲጀምር ወቅቱ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው «ለወንዙ ትንሽ ውሃ ይለቀቅ» የሚለው የደግ ሰው ሐሳብ ብቻውን የማይበቃው። በዓመት ምን ያህል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በየትኛው ወር የሚለው ሌላ ነው። ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስንዴው ሲያዘረዝር ያልደረሰ ውሃ በሚያዝያ ቢጎርፍ ምን ይጠቅመዋል?

ለዓሣው መመናመን ግድብን ብቻ መክሰስ ግን ሐሰት ይሆናል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ሲስፋፋ አጥማጁ ዓሣ ወደ ወንዝ የሚወጣበትን በር ያውቀዋልና መረቡን እዚያው ዘረጋ። የተመራማሪዎች ልኬት እንዳሳየው ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች ክምችት በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆለቆለ፤ ይህ የሆነው ቆጋ ሳይገደብ ነው። ግድቡ የመጣው በተጎዳ ነገር ላይ ነው።

ዓሣው ካላሳመነ ጨፌውን እንይ። ወንዙ በክረምት ከአፉ ወጥቶ የሚያርሰው ሜዳ፣ ውሃው ሲሸሽ ለምለም ሣር ይተዋል። በየካቲትና በመጋቢት፣ ገለባ ሲያልቅ፣ ከብት የሚተርፈው በዚህ ነው። መስኖ ለሌለው ገበሬ መስኖው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨፌው ከጎርፍ ጋር የመጣውን ደለል ይዞ ያስቀራል፣ ውሃውን ወደ መሬት ያሰርጋል። ወደ ጣና ሐይቅ ሲጠጉ ደግሞ ደንገል አለ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት፣ የዓሣ ጫጩት የሚሸሸግበት፣ ወፍ የሚፈለፈልበት ነው። ደንገል በውሃ ዳር ይኖራል፤ ውሃው ከራቀው ይሞታል።

ውሃው ሲርቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ባሕር ዳር አይታለች። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። ዓላማው በጢስ ዓባይ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በበጋም ውሃ እንዳያጣ ነበር። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ሲጨመር የጨረጨራ መዝጊያዎችም በዙ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ አነሰ፤ አገሪቱ ግን መብራት ትፈልጋለች። ውሃው መውጣቱን ቀጠለ። ሰኔ 1995 ዓ.ም. ሐይቁ በመዝገብ ከታየው ሁሉ ዝቅ አለ። መርከቦች መመላለስ አቆሙ፣ ወደ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደንገል ጠፋ፣ የተራቆተውን ዳርቻ ገበሬ አረሰው። በታች በኩል ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በአንድ ገደል ጥግ የምትወርድ ቀጭን መስመር ሆነ። ስንቱ ጎብኚ በብር ኖት ላይ ያየውን ፈልጎ መጥቶ አለት አይቶ ተመለሰ!

ከጣና ላይ አንድ ሜትር መቀነስ ቀላል ይመስላል። ሲሰላ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ የቆጋን ግድብ 36 ጊዜ ይሞላል።

ግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ የሐይቁን ውሃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ በለስ ወንዝ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በዕቅዱ መሠረት የሚወስደው በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ነው፤ በዓመት 2.4 ቢሊዮን ያህል ይሆናል። ከሐይቁ በተፈጥሮ የሚወጣው ወደ 4 ቢሊዮን ስለሆነ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሌላ በር ይወጣል ማለት ነው። በለስ ወርዶ ከዓባይ ስለሚገናኝ ውሃው ለአገር አልጠፋም። ለጢስ ዓባይ ግን ጠፍቷል። የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከጨረጨራ በታች ያለው የወንዙ ክፍል መሠረታዊ ሕይወቱን ይዞ እንዲቆይ ስንት ውሃ እንደሚያስፈልገው አስልተው ነበር፦ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ይህም ከዓመታዊው ፍሰት 22 በመቶ ነው። ቁጥሩ ይከበር አይከበር ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ እኔን የሚገርመኝ አነስተኛነቱ ነው። ወንዙ ከአምስት እጅ አንዱን ትንሽ ከፍ ባለ ይረካል። ወደ አራት እጅ የሚጠጋውን ለሰው ይተዋል።

የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ከዚህ ክስ ነፃ አይደለም። የከተማው የቧንቧ ውሃ ለረጅም ዓመታት የመጣው ከአረቄና ከሎሚ ምንጮች ነው። ምንጮቹ ከመጠለፋቸው በፊት ወደ እንፍራንዝ ወንዝ ይፈስሱ፣ የእንፍራንዝን ረግረግ ያረጥቡ ነበር። ከተማው በሰፋ ቁጥር ወንዙ ቀጠነ፤ ረግረጉም በእርሻና በባሕር ዛፍ ተያዘ። እዚህ ላይ ተቃዋሚ መሆን ይከብዳል፤ ልጅ የሚጠጣውን ማን ይከለክላል? ነገር ግን ከዚያ ምንጭ የመጣው ውሃ መኪና ይታጠብበታል፣ በየመንገዱ ከተሰበረ ቧንቧም ይፈስሳል። መጠጥ ይቅደም ማለት የከተማ ብክነት ይቅደም ማለት አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል? እዚህ ላይ አንባቢ ትዕግሥት ይስጠኝ፤ ነገሩ ያለው በሕጉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ በማንኛውም የውሃ ድልድል ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰውና ለእንስሳት መሠረታዊ ፍላጎት፣ እንዲሁም ለአካባቢው የሚጠበቅ ውሃ እንደሆነ ይደነግጋል። ሦስቱን በአንድ ረድፍ አስቀምጧል። ደፋር ፖሊሲ ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 197/1992 ግን ውሃ የሕዝቦችና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ካወጀ በኋላ ከሁሉ የሚቀድመው የቤት ውስጥ አገልግሎት ነው አለ። ወንዙ ከፖሊሲው ወደ አዋጁ ሲሻገር ወንበሩን አጣ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ አባል የሚያደርገው በመስኖው ክልል መሬት የሚያለማውን ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ቦይ የሚጠርገውም የሚከፍለውም እሱ ነው። ውጤቱ ግን ከግድቡ በታች ከብት የሚያግደው፣ በጨፌው ሣር የሚያጭደው፣ በወንዙ አፍ የሚያጠምደው ሰው በማኅበሩ ስብሰባ ድምፅ ማጣቱ ነው። ዓሣማ ከጅምሩም የለውም።

ሌሎች አገሮች ይህን ስንጥቅ በሁለት መንገድ ለመድፈን ሞክረዋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የውሃ ሕግ ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ለወንዙ ሕይወት የሚበቃውን አስቀድማ ትለያለች፤ ድልድል የሚጀምረው ከዚያ በሚተርፈው ላይ ነው። የአፈጻጸሙ ችግር እዚያም አለ፤ ቢያንስ ግን ተበዳዩ ሕግ ጠቅሶ መክሰስ ይችላል። አውስትራሊያ ሌላ ነገር አደረገች። ድርቅ የመሬይ ዳርሊንግን ተፋሰስ ሲያደርቀው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ሕግ ለወንዙ ውሃ የሚይዝ ባለሥልጣን ሾመ። ይህ ሹም እንደ ማንኛውም ገበሬ የውሃ ድርሻ አለው፤ ዝናብ ሲያጥር ከገበሬው እኩል ይቀነስበታል፣ ሲበዛ እኩል ይጨመርለታል፣ መቼ እንደሚለቀቅም ይወስናል። ገበሬዎቹ ብዙ ተቃውመውታል፣ አሁንም ይቃወሙታል። እኔ ይህን ሁለተኛውን ለቆጋ የተሻለ አድርጌ አየዋለሁ። ለምን ቢሉ፣ የመራዊ ገበሬ ስለ ሥነ ምህዳር ረጅም ንግግር አይፈልግም፤ ተራ ግን ያውቃል። ወንዙ ተራ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ እንደ አንድ ብሎክ ቢጻፍ፣ ቀንና ሰዓት ቢሰጠው፣ ተራውን የሰረቀም እንደ ሌባ ቢቀጣ፣ ለማንም እንግዳ ነገር አይሆንም።

«ውሃው ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው። ከብክነቱ። ቆጋ ላይ ውሃው የዕፅዋቱ ሥር ዘንድ መድረሱን የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ ማሳ ውስጥ ተቀብሮ ተሞክሯል፤ ገበሬው ምልክቱን ሲያይ ማጠጣቱን ያቆማል። ምርት ሳይቀንስ ውሃ መቆጠብ እንደሚቻል ታይቷል። ቦዩን መጠገንም እንዲሁ ያተርፋል። ነገር ግን የተቆጠበ ውሃ በራሱ ጊዜ ወደ ወንዙ አይመለስም። ዘንድሮ የተቆጠበው ለከርሞ ተጨማሪ ማሳ ነው፤ የበጋ ስንዴ በኩታ ገጠም ይስፋ የሚል ትእዛዝ ባለበት አገር አንድ ሄክታር የሚያጠጣ ትርፍ ውሃ ሲገኝ ሄክታሩ ወዲያው ይገኛል። አንዳንዱ ገበሬ ደግሞ በመስኖ መሬቱ ላይ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ የመራዊ አጣና ገበያ አለው፣ ተራ ጥበቃና ሌሊት ጠብም የለበትም። አልፈርድበትም። ግን ቁጠባ ብቻውን ወንዝን አያድንም የምለው ለዚህ ነው፤ የተቆጠበው በማን ስም እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ካልታወቀ ጠጪው ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ በዚህ ዘመን ማንሣት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በመራዊ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፣ የከተማዋም ስም በዓለም የተሰማው በዚያ ነው። ሐዘን በተቀመጠ ቤት ስለ ዓሣ አይወራም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ውሃ በክፉ ቀንም ይከፈላል። ክፉ ቀን ሲሆን እንዲያውም ጉልበት ያለው በጨለማ ይከፍለዋል፤ ግርጌ ያለው ገበሬና ከግርጌም በታች ያለው ወንዝ አብረው ይጎዳሉ።

ቆጋ በጣና ዙሪያ ካሉት ዘመናዊ ትልልቅ መስኖዎች ቀዳሚው ነበር። ከእሱ በኋላ ርብ ተገድቧል፣ መገጭ ለረጅም ዓመታት በግንባታ ከርሟል፣ ለግልገል ዓባይና ለጉማራም የግድብ ጥናቶች ተደርገዋል። ለጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት እነዚሁ አራት ወንዞች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ የተመዘገበው ሐይቁና ዙሪያው ነው፤ ሐይቁን የሚያኖረው ግን ከላይ፣ መዝጊያ ላይ፣ ይወሰናል።

ወደ ቆጋ እንመለስ፦ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ የግድቡ ውሃ ከፍታ ይለካል፤ የትኛው ብሎክ ስንት ሄክታር፣ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚያጠጣ ይደለደላል። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ቆጋ ወንዝ» ተብሎ በየወሩ የሚለቀቀው መጠን ሊጻፍ ይችላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከፍ ያለ፣ በበጋ ዝቅ ያለ። ከግድቡ በታች ካሉት ቀበሌዎች ሁለት ሰው፣ አንድ ከብት ያለውና አንድ የሚያጠምድ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ሊቀመጥ ይችላል። ከመውጫው ጥቂት ወረድ ብሎ የውሃ ከፍታ የሚያሳይ ቁጥር ያለበት ዘንግ ሊተከል፣ ንባቡም በየማለዳው ከተራ ሰሌዳው ጎን ሊለጠፍ ይችላል። የሚፈጀው ገንዘብ አንድ የተሰበረ መዝጊያ ከማስጠገን የሚበልጥ አይመስለኝም።